ላሠራት ወይስ እንዲሁ ልሽጣት?

ካዛንቺስ ግቢያችን ውስጥ ባለ ሁለት በር ቀይ የስፖርት መኪና ነበረችኝ። ቆማ ስትታይ ልብ ትሰርቃለች፤ ስትነሳ ግን ሰፈሩን በጭስ ትሸፍናለች። ልሸጣት ስወስን "ሞተሯን ላሠራ ወይስ እንዲሁ ልሽጣት?" እያልኩ ሳምንት ሙሉ ተጨነቅኩ።

ላንቻ ያሉት መካኒኬ ጋሽ ታደሰ "እንዲህ እያጨሰች ማን ያይልሃል?" አሉኝ። በቃ፣ አሠራኋት። ፒስተኗ አገር ውስጥ ስለጠፋ ከዱባይ በሰው አስመጣሁ። ሞተሩ የተነሳ ዕለት ከጋሽ ታደሰ ጋር ተቃቀፍን። በኡራኤል ሳልፍ ድምጿን ሰምቶ ታክሲ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

በማግስቱ እኩያዬ የሚሆን ገዢ መጣ። ኮፈኗን ከፍቼ አስነሳሁለት። እሱ ግን ቀለሟንና መቀመጫዋን ብቻ እያየ "ወስጃታለሁ" አለኝ። ዋጋ እንኳን አልተከራከረም። በደስታ ልበር ምንም አልቀረኝም።

"ሞተሯን ግን አላየኸውም እኮ" አልኩት።

"ምን ያደርግልኛል? አውጥቼ የሚኒባስ ሞተር ነው የማስገባባት፤ መለዋወጫው በየሱቁ አለ። ይልቅ ይሄኛውን ትፈልገዋለህ ወይስ ልጣለው?"