አሰብ የወረደው ጽዋ

ትናንት ደብረ ማርቆስ መንገድ ዳር አልጋና ምድጃ ያለው የፈረንጅ መኪና ቆሞ አየሁና፣ ሽበቴን ረስቼ በመስኮቱ አንገቴን አስገባሁ፤ የናፍጣና የሽንኩርት ቁሌት ሽታ ተቀላቅሎ አፍንጫዬን ሲመታው፣ ባለቤቶቹ ሌባ ሳይሉኝ እኔ በሐሳብ የአባቴ የጭነት መኪና ላይ ደርሻለሁ።

እኛም እንዲህ ባለ ቤት ተጉዘናል። አባቴ ከጎጃም ኑግ ጭኖ አሰብ ወደብ የሚያወርድ ሾፌር ነበር። ያን ዓመት የአገራችን የይጁቤ የሚካኤል ማኅበር ጽዋ ተራው ደርሶት ተቀብሏል፤ ጽዋ ተቀብሎ በዓሉን ያልደገሰ ደግሞ ከመልአኩም ከጎረቤትም ፊት አይቆምም። ጭነቱ ግን ግንቦት ሚካኤልን አሰብ ሊያውለው ሆነ። የማኅበሩ መሪ «ሚካኤል አሰብም ሚካኤል ነው» ብለው ፈቀዱ። እናቴ ምን ትጠብቃለች! ጽዋውን፣ ምንጣፉን፣ ምድጃውን፣ ዳቦውን፣ የጠላ ድፍድፍ የሞላበትን ጋኗን ጫነች፤ እኔንም የጋኑ ዘበኛ አድርጋ።

ስህተቷ የደገኛ ስህተት ነው፤ እንደ ይጁቤ ብርድ የጋኑን አፍ በጭቃ ግጥም አድርጋ መረገችው። ቆላ ስንገባ ድፍድፉ በሙቀቱ እየፈላ ጋኑ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ጀግናው ዘበኛ ጆሮዬን ለጥፌ፣ ተረት የሚያወራልኝ መስሎኝ፣ ለማንም ትንፍሽ ሳልል አዳመጥሁት። ለጥጥ እርሻ ዕቃ ልናወርድ ወደ አሳይታ ታጥፈን፣ አዋሽ በደንገልና በተምር ዛፍ መካከል እልፍ ቦይ ሆኖ በሚበታተንበት ሜዳ ላይ ስንደርስ ጋኑ ፈነዳ። ከነነፍሴ አተላ ለብሼ ቀረሁ።

አባቴ መኪናውን አቁሞ፣ «በቃ፣ መልአኩ አልወደደልንም» አለ።

«ይንዱ!» አለች እናቴ። «ጋኑ ፈረሰ እንጂ እኔ አልፈረስሁ!»

ወርዳ ከአዋሽ ውሃ ቀዳች፤ በነጠላዋ አጥልላ ጀሪካን ሞላች።

በዓሉ ዕለት አሰብ፣ በመኪናችን ጥላ ሥር፣ አሥራ አንድ የጎጃም ወዛደሮች፣ የወደቡ ተሸካሚዎች፣ ጨው ባበላሸው እጃቸው ዳቦ ቆረሱ። ደብረ ወርቅ ድቁና የተማረው አንዱ ጸሎቱን አደረሰ፤ ከዚያ ጽዋው በአዋሽ ውሃ ተሞልቶ ዞረ። አንዱ ጨልጦ እየተንገዳገደ፣ «እሜቴ፣ ይኸስ አናት ላይ የሚወጣ ነው!» ቢላት፣ እናቴ ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጣ።

ሊበተኑ ሲሉ ዲያቆኑ ነጠላውን ዘርግቶ፣ «ጽዋውን ለእኛ ይስጡን፤ እዚህ የሚሰበስበን የለም» አለ። አባቴ የማኅበሩን መሪ ፈርቶ ዓይኑን አሸ። እናቴ ግን በሁለት እጇ አስረከበችው፤ «እርሳቸውን እኔ እገጥማቸዋለሁ።»

ገጠመቻቸውም፤ ይጁቤ ሌላ ጽዋ ተገዛ። አባቴ አሰብ በሄደ ቁጥር ያኛው ጽዋ ከተሸካሚ ወደ ተሸካሚ ሲዞር እያየ ይነግረን ነበር፤ በኋላ አባቴም አለፈ፣ እናቴም፣ መንገዱም ተዘጋ፣ ወደቡም የሰው አገር ሆነ። ግንቦት ሚካኤል በደረሰ ቁጥር ዘንድሮ የአሰቡ ጽዋ ተረኛ ማን ይሆን እላለሁ። ጠይቄው የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም፤ መጠየቄን ግን አልተውሁም።