ወረፋ የያዘው ጋቢ

ወንድሜ ምሕረቱ ከመሞቱ በፊት የነበረው ቀን እንደ ሌላው ቀን ነበር። ቡታጅራ ላይ ያካፋል፤ በልብስ ስፌት ቤታችን እሱ መኪናው ላይ ነው፣ እኔ እተኩሳለሁ፣ አባባ በሩ ሥር ተቀምጦ ቁልፍ ይሰፋል። ከሰዓት ላይ አባባ መርፌውን አቆመና፣ ምሕረቱን፣ እስቲ የጋቢውን ቀልድ አንብብልን አለው።

የጋቢው ቀልድ ያለበት መጽሔት በዕድሜ ይበልጠኛል። ምሕረቱ ያገኘው የኮሌታ ቅርጽ ለመቁረጫ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ሲገዛ ነው። ጠርዛቸውን አይጥ የቀመሳቸው፣ በርበሬ በርበሬ የሚሸቱ የቀልድ መጽሔቶች ነበሩ፤ መቀስ ሊያሳርፍባቸው ግን አልቻለም። እኔ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። ከትምህርት ቤት በዝናብ ርሼ ስገባ፣ ካውያው አጠገብ ደብተሬን እያደረቅሁ የሱን ንባብ እሰማለሁ።

አባባ ጉራጌ አገር፣ ቸሃ ተወልዶ ያደገ፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነው። አማርኛን የተማረው ገበያ ላይ ነው። ሰው አነጋገሩን አስመስሎ ሲስቅበት ቀኑን ሙሉ ዝም ይላል። በጋቢው ቀልድ ግን ዕንባው እስኪመጣ ይስቃል።

አንድ ባላገር ለጉዳይ አዲስ አበባ ይሄዳል። የቢሮው ሠራተኛ ሦስት ቀን ሙሉ የለም፤ ወንበሩ ላይ ኮቱ ብቻ ተሰቅሏል። በአራተኛው ቀን ባላገሩ ጋቢውን አግዳሚው ላይ ትቶ ዘመድ ጥየቃ ይሄዳል። ሲመለስ ሠራተኛው የት ጠፋህ ብሎ ይቆጣዋል።

«ጌታዬ፣ የእርስዎ ኮት ሥራ ከገባ የእኔም ጋቢ ወረፋ ይይዛል።»

ያን ቀንም ሳቅን። በማግስቱ ምሕረቱ የዩኒፎርም ጨርቅ ሊያመጣ ወደ ወልቂጤ ሄደ። የተሳፈረበት ሚኒባስ ተገለበጠ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

የለቅሶው ድንኳን በተነሣ ቀን ከሰዓት፣ ድምፁን የማገኝ መስሎኝ መጽሔቱን ገለጥኩ። ጋቢ የሚባል ነገር የለበትም። የተጻፈው ሌላ ነው፦ ባላገሩ ኮቱ ሰው መስሎት እጅ ይነሣል፣ በተሰባበረ አማርኛ ይለምነዋል፣ ቢሮው ሁሉ ይስቅበታል። አፉን ከፍቶ ተስሏል። አነጋገሩ የአባባ ነው። ሌሎቹንም አነበብኩ። ጥቂቶቹ ዛሬም ያስቃሉ፤ ብዙዎቹ ግን ያው ናቸው፣ ከገጠር በመጣ ሰው የሚስቁ። ያን ሁሉ ዓመት የሳቅንባቸው የምሕረቱ ነበሩ። አንድም ቀን የኔ ናቸው አላለም። የትም አልጻፋቸውም። ከሱ ቀልዶች አምስት ወይም ስድስት ብቻ ትዝ ይሉኛል፤ የቀሩት ከሱ ጋር ተቀብረዋል።

በማግስቱ ጠዋት ሱቁን ከፈትን። የስፌት መኪናው እንደተሸፈነ ነው። አባባ በሩ ሥር ቦታውን ያዘ፤ ቁልፍ መስፋት ጀመረና፣ የጋቢውን አንብብልኝ አለኝ።

መጽሔቱን ይዤ ቆምኩ። ባላገሩ ቢሮ እስኪገባ የተጻፈውን አነበብኩ። ከዚያ ቀና ብዬ በቃሌ ጋቢውን አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት። እዚያ ላይ አቋረጥኩ። ወንድሜ እንዲህ አያቋርጥም ነበር። ዓይኔን ወደ ወረቀቱ መለስኩና የሚነበብ እንዳለ ሁሉ መስመር መፈለግ ጀመርኩ።

አባባ አልሳቀም። ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«አትፈልግ ልጄ» አለኝ፣ «ወንድምህም እዚህ ጋ ሲደርስ ከወረቀቱ ቀና ይል ነበር።»

መጽሔቱን አጥፌ፣ እሱን እሱን እያየሁ እስከ መጨረሻው ነገርኩት።