የሚተካኝን ሳሠለጥን

ቆላ እንደወረድኩ መጀመሪያ የናፈቀኝ ሰው ሳይሆን ብርድ ነበር። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ብርድ ሲረግም ይኖራል፤ እኔም የድርሻዬን ረግሜያለሁ። ከአንኮበር አፋፍ ቁልቁል ወርጄ ጠዋት በሦስት ሰዓት አናት የሚበሳ ፀሐይ ሲቀበለኝ ግን ያ ሁሉ እርግማን ጸጸተኝ። አማቴ ባና ሠሪ ነበሩ። ለሠርጌ የሰጡኝን ነጭ የበግ ጠጉር ባና ይዤ ወርጄ፣ አንድም ቀን ሳልደርበው ብል በላው። የሰው ናፍቆት የመጣው ቆየት ብሎ ነው፤ ከመጣ በኋላ ግን አልሄደም።

ዘመኑ ሃምሳዎቹ ነው። መሥሪያ ቤቴ የደረቅ አገር መስኖ እንድማር ውጭ አገር ልኮኝ ነበር። ስመለስ ከአንኮበር በታች፣ በአንድ ወንዝ ዳር፣ ጥቂት መሬትና ሁለት የቆርቆሮ ቤት ሰጠኝና «እዚህ ተቀምጠህ የግብርና ሠራተኞችን በትንሽ ውሃ ማልማት አስተምር» አለኝ። አንደኛው ቤት የእኔ፣ ሁለተኛው የሠልጣኞቹ ነው። ሠልጣኞቹ ኅዳር ላይ ይመጣሉ፣ ሚያዝያ ላይ ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ወራት የማሳልፈው ከወንዙ ጋር ነበር። «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ሲባል ለስስታም ሰው የተነገረ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እዚያ ግን ማንንም ሳልሰስት ለብቻዬ እበላ ነበር፤ ያውም ቆሜ። የሚያጎርሰው የሌለ ሰው ለምን ብሎ ይቀመጣል?

ሚስት የለኝም ማለቴ አይደለም። በሰማንያ ያገባኋት፣ የበግ ጠጉር ስትፈትል ለራሷ ፈገግ የምትል፣ እኔም ያንን ፈገግታ በስርቆት የማይ ሚስት ነበረችኝ። አማቴ ግን «ልጄን ለአንተ ዳርኩ እንጂ ለንዳድ አልዳርኩም» አሉ። አልፈርድባቸውም፤ የዚያ ቆላ ወባ ስንቱን ደገኛ አንቀጥቅጦ መልሷል። ስለዚህ እሷ ደብረ ብርሃን አባቷ ዘንድ ቀረች፣ እኔ ቆላ ሆንኩ። ለገና፣ ለፋሲካና ለመስቀል ወጥቼ አያታለሁ፤ ገና ሳንለማመድ የመመለሻዬ ቀን ይደርሳል። ዝውውር ስጠይቅ የክፍሌ ሹም መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ቦታውን ባዶ አልተውም። የሚተካህን ሰው አሠልጥን። መጥቼ በዓይኔ ካየሁትና ካጸደቅሁት በማግሥቱ ደብረ ብርሃን ትገባለህ።»

እንግዲህ ሚስቴ ዘንድ የምደርሰው አንድ ሰው በሚገባ ያስተማርኩ እንደሆነ ነው። ቀላል ይመስላል። ችግሩ ሠልጣኞቼ ሁሉ ደገኞች መሆናቸው ነበር፤ ከሰላ ድንጋይ፣ ከጣርማ በር፣ ከደነባ የመጡ። በእነዚያ አገሮች ውሃ ጠላት ነው። ክረምት ገብቶ ጥቁሩ መረሬ አፈር ውሃ ሲጠግብ፣ ቡቃያው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ገበሬው ዘርቶ ሲጨርስ ማሳውን ከላይ እስከ ታች እየሰነጠቀ ውሃው የሚወርድበትን ፈሰስ ያወጣል። ዝናብ ሲጥል ቤት የሚቀመጥ ወንድ የለም፤ ሁሉም ወጥቶ የተደፈነ ፈሰስ ይከፍታል። ቆላ ላይ ሥራው የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ቦዩ ተዳፋቱን አግድም ይዞ መሄድ አለበት፣ ውሃው መሬት ውስጥ እንዲሰርግ ቀስ ማለት አለበት፣ ጫፉም መደፈን አለበት። ይህንን በሰሌዳ ላይ ስስልላቸው ሁሉም ራሳቸውን እየነቀነቁ ይቀበሉኛል። ማሳ ላይ ዶማ ሲይዙ ግን ቁልቁል ይቆፍራሉ። እጃቸው ከእኔ በፊት ከአባቶቻቸው ተምሯል። እኔ ራሴ ውጭ አገር ሳለሁ አስተማሪዬን ጠጉሩን ያስነጨሁት በዚሁ ነገር ነው።

ውሃውም ቢሆን የልባችንን ያህል አልነበረም። የአገሬው ሰው ወንዙን የሚካፈለው በተራ ሲሆን፣ ተራውን የሚያስጠብቁ የውሃ አባት የተባሉ ሽማግሌ ነበሩ። እሑድ ጠዋት ክርስቲያኖቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሆኑ ውሃው ለእስላሞቹ ይለቀቃል፤ ዓርብ ቀትር እስላሞቹ መስጊድ ሲገቡ ለክርስቲያኖቹ። ለእኛ የተሰጠን ከዚህ ከዓርቡ ላይ ተቆርጦ ነው።

«ከጁምዓ እስክንወጣ የእናንተ ነው» አሉኝ የውሃ አባት የመጀመሪያው ዕለት። «ታዲያ ወላሂ፣ አንዲት ጭልፋ አምልጣ ወንዝ ስትገባ እንዳላይ!»

ጎበዝ ጎበዙን ሠልጣኝ ገና ሳይጨርስ ሌላ መሥሪያ ቤት ይወስድብኛል፤ የሚቀሩልኝ ደግሞ ሹሙ ፊት የማላቀርባቸው ናቸው። እንዲህ እየሆነ ዓመታት ካለፉ በኋላ አንድ የደነባ ሰው መጣ። ጎልማሳ ነው፤ አይቸኩልም፤ አንድ ነገር ሁለቴ ካልጠየቀ አይነካም። አግድም ቦይ ስንቀይስ ከእኔ ይልቅ የእሱ ዓይን ልክ ሆኖ የተገኘበት ቀን አለ። ሚስት የለውም፣ ቆላውንም አልጠላውም። ማታ ማታ እኔ ቤት እየመጣ አብረን ተቀምጠን መብላት ጀመርን። ስለ ደነባ ጭቃ ሲያወራ ሆዴን ይዤ እስቅ ነበር። አንድ ቀን ትሪው ላይ እንዳለን «ጋሼ፣ እኔ እቀመጣለሁ፤ እርስዎ ይውጡ» አለኝ። ያን ዕለት ጠቅልዬ አጎረስኩት።

ወደ ደብረ ብርሃን በሚወጣ የሽንኩርት ነጋዴ አፍ ለሚስቴ «ለፋሲካ ጠቅልዬ እገባለሁ» ብዬ ላክሁባት። ነጋዴው ሲመለስ መልሷን አመጣልኝ። «ቤቱን እያስለሰንኩት ነው በለው» ብላለች።

ሹሙ የመጣው መጋቢት ውስጥ በአንድ ዓርብ ነው። ከአንኮበር በበቅሎ ሲወርድ ሙቀቱ አማርሮት፣ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣ ፊቱን ቋጥሮ ደረሰ። የደነባው ሰው የጁምዓውን ውሃ ተቀብሎ የሽንኩርቱን መደብ ሲያጠጣ ቆመን አየነው። ውሃው እሱ ባለው መንገድ ሄደ፤ እሱ ባለው ቦታ ቆመ። ሹሙም ፊቱ እየተፈታ መጣ። እኔ በልቤ ሻንጣዬን መሸከፍ ጀምሬ ነበር።

ከዚያ ከአንኮበር ገደል በኩል ደመናው ወረደ። በዚያ አገር የበልግ ዝናብ ከዘነበም አንዴ ወይ ሁለቴ ነው። እኛም ለዚያው ብለን ከሽንኩርቱ በታች ያለውን የማሽላ ማሳ አግድም በእርከን ከፋፍለን፣ የቦዮቹን ጫፍ ሁሉ ደፍነን፣ የሚወርደውን ጠብታ ሁሉ እንዲይዝ አዘጋጅተነው ነበር። ዝናቡ ሲጀምር እኔና ሹሙ ወደ በረንዳው ሮጥን። የደነባው ሰው አልሮጠም። አካፋውን ጨበጠና ወደ ማሽላው ወረደ። የሚያፈስስ ቦታ ካለ ሊደፍን መስሎኝ ደስ አለኝ።

እሱ ግን የቦዮቹን ጫፍ አንድ በአንድ ከፈተ። አልበቃ ብሎት መሐል ማሳው ላይ ቆመና እርከኑን እየበሳ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀው። በየትኛውም የደነባ ማሳ የሚያስመሰግን፣ ቀጥ ያለ ፈሰስ ነው ያወጣው። ጮኽኩ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። የበልጉ ዝናብ ጠይም ሆኖ እየተንደረደረ ወንዝ ገባ። ሲያባራ የደነባው ሰው ከራስ እስከ እግሩ ጭቃ ሆኖ፣ እየሳቀ ወደ እኛ መጣ።

«ተረፈ ጋሼ! እህሉ ተረፈ!»

ሹሙ የሰላ ድንጋይ ሰው ነው። በደስታ አጨበጨበ።

«ሰው ማለት ይኼ ነው! ማንም ሳያዘው እህሉን ከውሃ አዳነው። ጨርሰሃል፤ አጽድቄዋለሁ። በል ዕቃህን አሰናዳ።»

የደነባው ሰው ያኔ ወደ ኋላው ዞሮ ማሳውን አየ። ሳቁ ከፊቱ ላይ ሲጠፋ አየሁት። የሠራው ገባው፤ ዞሮ እኔን ተመለከተኝ።

ሹሙ አላወቀም፤ እኔና እሱ አውቀናል። ዝም ብል በማግሥቱ አቀበቱን ወጥቼ የተለሰነ ቤቴ እገባለሁ። ደግሞስ ጥፋቱ የአንድ ቀን መደናገጥ አይደለም እንዴ? ይማራል፤ ብልህ ነው። ይህንን ሁሉ ለራሴ ነግሬዋለሁ። ነገር ግን ነገ እኔ የቆምኩበት የሚቆመው እሱ ነው። እጁ ገና ደነባ ያለ ሰው ሌሎችን ሊያስተምር ነው፤ የተማሩት ደግሞ ዝናብ ወደማያውቅ አገር ሁሉ ይበተናሉ። ወደ ሹሙ ዞርኩ።

«ጌታዬ፣ አላዳነውም፤ አፈሰሰው» አልኩ። «ያ ውሃ ለማሽላው ቀለቡ ነበር። ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል።»

ሹሙ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ለእሱ ነው የሚቀረው ወይስ ለአንተ?»

«ለሁለታችንም።»

«እንደ ፍጥርጥርህ!» አለና በቅሎውን አስጠራ።

የደነባው ሰው ያን ዕለት ራት ላይ አልመጣም። በሳምንቱም በሹሙ ትእዛዝ ወደ ሌላ አገር ተመደበ። ሲሰናበተኝ ትከሻዬን ስሞ «አይክፋዎ ጋሼ» አለኝ፤ አጽናኙ እሱ ሆነ። እኔም ተመልሼ ቆሜ መብላት ጀመርኩ። ለሚስቴ በዚያው ነጋዴ አፍ ለፋሲካ ጠቅልዬ እንደማልገባ ስልክባት፣ ነጋዴው ያለ መልስ ተመለሰ፤ እኔም ፊቷን ማየት አፍሬ ለበዓሉ ሳልወጣ ቀረሁ።

ከፋሲካ በኋላ ከሚስቴ ወገን ሽማግሌዎች መጡ። መጡ ብል ከአንኮበር አፋፍ ደረሱ ማለቴ ነው፤ ንዳዱን ፈርተው አንወርድም ስላሉ አቀበቱን የወጣሁት እኔ ነኝ። ጥድ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ጉሙ መሬት ነክቷል። ሚስቴ ባና ተከናንባ ራቅ ብላ ተቀምጣለች። ብርዱ ሲነካኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በብርዱ አሳበብኩ።

«ሹሙ አጽድቆልህ ነበር አሉ» አሉኝ ታላቁ ሽማግሌ። «ታዲያ ምን አናገረህ? ካፍ ከወጣ አፋፍ መሆኑን አታውቅም ልጄ?»

«ውሃውን አፈሰሰው እኮ አባቴ።»

«ማፍሰስ ምን ነውር አለው? እኛ ሁላችን እናፈስ የለ?»

ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። እኔም ከልቤ መለስኩ። እንጨት አንሥቼ መሬቱ ላይ ተዳፋቱን ሣልኩላቸው፤ ይኼ ፈሰስ ነው፣ ይኼ ቦይ ነው አልኳቸው። ተንበረከክሁና በእጄ እርጥብ አፈር እየዛቅሁ እርከን ሠራሁ። ውሃ ሲሮጥ መሬቱን ገፎ እንደሚሄድ፣ ሲዘገይ ግን ወደ ሥሩ እንደሚሰርግ፣ ከላይ ደርቆ የሚታየው ማሽላ ከሥሩ እየጠጣ እንደሚከርም ነገርኳቸው። ሠልጣኞቹ ከሄዱ ወዲህ የማወራው ሰው ስላልነበረኝ የተጠራቀመው ሁሉ ፈነቀለኝ። ሽማግሌው እንዳልገባቸው ሳይ ሥዕሉን አጥፍቼ እንደገና ከላይ ጀመርኩ።

«ይበቃል አባቶቼ» አለች ሚስቴ።

ቀና ስል የምታየው የሣልኩትን አልነበረም፤ እኔን ነበር።

«በሠርጋችን ሰሞንም ይሁን ለበዓል ሲመጣ፣ እንዲህ ሲያወራ አንድም ቀን ሰምቼው አላውቅም። እኔ እኮ ዝምተኛ ሰው ያገባሁ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዝምታው ለእኔ ብቻ ነው።» ባናውን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። «አፋቱን።»

ሽማግሌው «ምን ትላለህ?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እጄ ላይ የቀረውን አፈር አራገፍኩና እሺ አልኩ።