የቨርና አፈሙዝ ለምን ይደፋል?

ቨርና ታኬት በጠመንጃ ሽኮኮ ከዛፍ ጫፍ እያወረደች ያደገች ሴት ናት። በዚህ በኬንታኪ ኮረብታ ላይ ይህን የማያውቅ ሰው የለም። እንግዲህ ይህችው ሴት፣ ጸጉሯ ከሸበተ በኋላ፣ ከበረንዳዋ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የተንጠለጠለ የቆርቆሮ ሳህን መምታት አቃታት። ወይ ጉድ!

ነገሩን ያመጣው ልጇ ዱዌይን ነው። አባቱ ከሞተ ወዲህ እናቱ ብቻዋን መኖሯ ሲያንገበግበው፣ ኪስ ውስጥ የምትደበቅ አምስት ጎራሽ ሽጉጥ ገዝቶላት መጣ። "ለሴት እጅ የምትሆን ቀላሏን መርጬ ነው" አለ ደረቱን ነፍቶ። የእኛ ወንዶች ሁሉም ይቺን ስህተት ይሠራሉ፤ ለእናት፣ ለሚስት ሲሆን ቀላሏን! ቀላል ሽጉጥ ደግሞ እንደ በቅሎ ይራገጣል። ክብደት የለውማ፣ የጥይቱን ጉልበት ምን ይዋጠው? ሁሉም መዳፍ ላይ ነው የሚያርፈው።

ዱዌይን በዚህ አላበቃም። "በኅዳር ለምስጋና ቀን በዓል ስመጣ ሳህኑን ስትመቺ ካላየሁ፣ ቤቱን ሸጠን እኔ ጋ ሉዊቪል ከተማ ትገቢያለሽ። በቃ!" አላት። ቨርና በንዴት "እሺ!" አለች። የደነገጠችው ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው። ያቺን ቤት ከባሏ ጋር ሳንቃ በሳንቃ የሠሯት ናት፤ ከዚያ ወጥቶ ፎቅ ላይ መኖር ለሷ በቁም መቀበር ነው።

ተኮሰች። ሳህኑ ንቅንቅ አላለም፤ ከሥሩ አፈር ቦነነ። ደገመች፤ አሁንም አፈር። ሌላ ሰው ቢሆን ሽጉጡን ይረግም ነበር። ቨርናን የከነከናት ግን ሌላ ነው፦ ሲተኮስ አፈሙዙ ወደ ላይ ይዘላል፤ ታዲያ ጥይቱ ለምን ወደ ታች ይሄዳል? ዕቃ ስታጥብ ይህንኑ፣ ዶሮ ስትመግብ ይህንኑ ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። በመጨረሻ ጎረቤቷ በርል ዘንድ ሄደች። በርል ጡረታ የወጣ ፖሊስ ነው፤ ነገረኛ ሽማግሌ።

"ዓይንሽ ደክሞ ይሆናላ፣ አሮጊት!" አላት ነግራው ሳትጨርስ።

"ያንተ ምላስ ይድከም! ሳህኑን አጥርቼ ነው የማየው።"

"በይ ሽጉጧን አምጪያት።"

ጀርባውን ሰጥቷት ሽጉጧን አጎረሰ፤ ከጥይቶቹ መካከል አንድ ባዶ ቀለህ ደባልቆ። ቨርና አነጣጥራ ምላጩን ሳበች። ቀጭ! ተኩስ የለም። አፈሙዙ ግን ወደ መሬት ድፍት አለ።

"እንዴ! ምን ሆና ነው?"

"እሷ ምን ትሆናለች? ምቱን ፈርተሽ ገና ሳይመጣ የምትደፊያት አንቺ ነሽ።"

"እኔ? እኔ ፈሪ?"

"እጅሽ ነዋ የፈራው። መቼ አማከረሽ?"

ቨርና በገዛ እጇ ተገረመች። በርል ቀጭኑን እጀታ ነቅሎ መዳፍ የሚሞላ የጎማ እጀታ ገጠመላት፤ ጥይቱንም ለዘብ ባለ ቀየረላት። "ከፍ አድርገሽ ያዣት። ግራ እጅሽን ደርቢና ጨምቂ። ምላጩን መንጨቅ የለም፤ ሳታቋርጪ እስከ መጨረሻው ሳቢ።" ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ቤቷ ስትገባ ጥይቱን ሁሉ ታወጣና፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ሳንቲም አስቀምጣ ባዶዋን ትስባለች። ሳንቲሙ ይወድቃል። ድመቷ ትጫወትበታለች። አንድ ቀን ሳይወድቅ ሲቀር "እሰይ!" ብላ ብቻዋን ጮኸች።

የምስጋና ቀን ደረሰ። የበዓሉ ተርኪ ዶሮ ከተበላ በኋላ እናትና ልጅ፣ ለምሳ ከተጠራው በርል ጋር፣ ሳህኑ ወደተንጠለጠለበት ጓሮ ወጡ። በርል አጎረሰ፤ አንዷ ባዶ መሆኗን እንጂ የቷ እንደሆነች አልተናገረም። ቨርና ሳበች። ሳህኑ ጮኸ። አሁንም ጮኸ። ከዚያ ቀጭ! አፈሙዙ ፍንክች አላለም። የቀሩትም ሳህኑን አገኙት።

"በል አሁን አንተ" አለችው ልጇን።

"ይቺንማ!" ዱዌይን ሳቀ። በርል እንደገና አጎረሰለት። ተኮሰ፤ አፈር ቦነነ። ቀጥሎ ባዶዋ ደረሰች። ቀጭ! አፈሙዙ ድፍት አለ። በርል ሊስቅ አፉን ሲከፍት ቨርና ገላመጠችው።

"ምን ፈርተህ ነው፣ ልጄ?"

ዱዌይን ሽጉጡን ወደ መሬት አደረገ። "ስልክ በጮኸ ቁጥር እንዲሁ ነኝ፣ እማዬ። ማን እንደሆነ ሳላይ፣ እናቴ አለቀላት እላለሁ።"

ቨርና እስካሁን ቤቷን የሚነጥቃት መስሏት ነበር የምትቆጣው። የአባቱን መርዶ በስልክ የሰማው እሱ እንደነበር አሁን ትዝ አላት። ሄዳ ከጎኑ ቆመች።

"ቤቴን አልለቅም።"

"አውቃለሁ።"

"ግን ጠዋት ጠዋት እኔ እደውልልሃለሁ። ስልኩ ሲጮህ፣ እናቴ አለች በል።"

ዱዌይን ዓይኑን በክንዱ ጠረገ።

"በል አሁን" አለችው፣ "ከፍ አድርገህ ያዛት።"