የሰይድ ምርጥ አሥራ ሁለት

በሸዋ ሮቢት ከተማ ከእኔ በፊት የታመመ ቴፕ የሚያድን ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ የሚያስተባብል ካለ ይምጣ። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ሬዲዮ መጠገን የተማርኩት የራሴን ሬዲዮ ፈትቼ መግጠሙ ሲያቅተኝ ነው። ሦስት ወር ሙሉ አልጋዬ ላይ ተበትኖ እኔ መሬት ተኛሁ፤ በመጨረሻ ጮኸልኝ። ከዚያ ወዲያ ከደብረ ሲና ቁልቁለት እስከ ከሚሴ የሚመላለስ ሾፌር ሁሉ ቴፑ ሲበላሽ ወደ እኔ ይመጣ ነበር። አዲስ አበባ ያሉት ባለሙያዎች "አይሆንም" ብለው የመለሱትን ማሽን ሳይቀር አስዘፍኛለሁ።

ባለፈው ሳምንት ፋጡማ መጣች። የወጣትነት ወዳጄ የሰይድ ታናሽ እህት ነች፤ ዛሬ እሷም የልጅ ልጅ አይታለች። ከጀውሃ በሚኒባስ ተሳፍራ፣ ከመናኸሪያው በባጃጅ ደጄ ድረስ መጥታ፣ ፊቷን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች ከፌስታል ውስጥ አንድ ካሴት አወጣች። ሳየው አወቅሁት። ሽፋኑ ላይ በገዛ እጄ፣ "የሰይድ ምርጥ አሥራ ሁለት። መርጦ ያዘጋጀው ዓለሙ" ብዬ ጽፌበታለሁ። የእኔ ስም ከእሱ ስም ወፍሮ ነው የተጻፈው።

"ጋሽ ዓለሙ፣ ወደ ፍላሽ ይገልብጡልኝ" አለችኝ። "ዘፈኑ ቢቀርም ይቅር። መጀመሪያ ላይ አንቱ የሚናገሩትን ብቻ።"

"እኔ የምናገረውን?"

"አዎ። እማ እስክትሞት ድረስ ደጋግማ ስትሰማው የኖረችው እሱን ነው።"

አልዋሽም፣ መጀመሪያ ልቤ ሞቀ። ድምፄ ድሮም ያምራል። ሻይ አዘዝኩላትና የኋላውን ነገር ማሰብ ጀመርኩ።

የሰይድ አባት ከአሊዩ አምባ በግመል ጨው የሚያመላልስ ነጋዴ ነበር፤ በልጅነቱ ሞተበት። እናቱ እትዬ ዘሀራ ጀውሃ መንገድ ዳር ለሾፌሮች ሻይና የማሽላ ቂጣ እየሸጠች አሳደገችው። እሱ ወደ እኛ ከተማ የመጣው የሽንኩርት ጆንያ ሊሸከም ነው። ጊዜው የደርግ ነው፤ ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ነበረው፤ ቡድኑም አንድ ጊታር ነበረው። ከስድስቱ ክሮቹ ሁለቱ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ነበሩ። ሰይድ ያንን ጊታር አንስቶ አያቱ ዘንድ የሰማውን የመንዙማ ምት በጣቶቹ ሲያወርድበት፣ ሽቦው ራሱ የሚያዜም ይመስል ነበር። መድረክ ላይ የታዘዘውን ይዘፍናል። የራሱን የሚዘፍነው እኔ ሱቅ ውስጥ ነው።

ቀትር ላይ ከተማው በሙቀት ሲተኛ ሱቄን እዘጋለሁ። ግድግዳው ላይ እርጥብ ጆንያ እሰቅላለሁ፤ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ብዬ ራሴ የፈጠርኩት ዘዴ ነው። ቬንትሌተሩ ይጠፋል፣ ቴፑ ሹክሹክታውን ይይዛልና። ሰይድ ሸሚዙን አውልቆ፣ ላቡ በጊታሩ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ስለ ሮቢ ወንዝ ሙላት፣ ስለ ማንጎ ጥላ፣ ወንዙን ልብሷን ሰብስባ ስለምትሻገር ልጅ ይዘፍናል። ግጥሙም ዜማውም የራሱ ነው። ሲጨርስ እናቱ የላከችለትን፣ በርበሬ የተለወሰበት ቂጣ እንቆርሳለን። ከልባችን በልተናል፣ ከልባችን ስቀናል። በሁለት ዓመት ውስጥ ስድስት ካሴት ሞላን።

ከዚያ የብሔራዊ ውትድርና ኮታ መጣ። ሰይድ ስሙ ተጠራ።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቀትር ላይ መጣ። አፋር ነጋዴዎች በድብቅ ካመጡልኝ ካሴቶች ያልተቀዳበት አንድ ብቻ ነበረኝ።

"ዓለሙ፣ ዛሬ ውጣልኝ" አለኝ።

"ከገዛ ሱቄ?"

"ከገዛ ሱቅህ። ለእማዬ የምናገረው አለኝ። አንተ ፊት አልችልም።"

"ማሽኑን እንዳትነካብኝ!"

"ማሽንህን አላገባትም፣ አይዞህ!"

ውጭ ከማንጎው ሥር ተቀመጥኩ። ሲጨርስ ጠራኝ፣ ዓይኑ ቀልቷል። እዚያው ካሴት ላይ ሁለት አዲስ ዘፈን ቀዳሁለት። ሊወጣ ሲል እንዲህ አለ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፦ "መጀመሪያ ላይ ለእማዬ የተናገርኩት አለ፣ እሱን እንዳትነካው። የቀረውን ካሴት ከዘፈኖቼ አንተ ምርጥ በምትለው ሙላው። እሷ ቴፕ የላትም፤ ወስደህ አሰማት።"

"እኔ እያለሁ ምን ታስባለህ!" አልኩት።

እንግዲህ ዘፈን መምረጥ እችልበታለሁ። ከስድሳ ዘፈን አሥር መርጬ፣ አዲሶቹን ሁለት ጨምሬ አሥራ ሁለት አደረግኩ። የቱ ከየቱ ቀጥሎ መምጣት እንዳለበት ሦስት ቀን አሰብኩበት። አባዝቼ ከሸጥኩት ሰይድን ይፋት በሙሉ ያውቀዋል፣ ሲመለስም ዝነኛ ሆኖ ይመለሳል ብዬ አቀድኩ። እቅዱ ክፉ አልነበረም።

በዚያ ዘመን ካሴት የሚያባዛ ሁሉ መጀመሪያው ላይ የራሱን ድምፅ ያስገባ ነበር። ሌላ ባለሱቅ እንዳይሰርቅበት ማኅተም መሆኑ ነው። እኔም ቦታ ፈለግኩ። ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ያለው ቦታ ግን የሰይድ ንግግር ነበር። ከፈትኩት። "እማዬ" ይላል። ዝም ይላል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። እንደገና "እማዬ" ይልና ሳግ ይይዘዋል። ከዚያ በላይ አላዳመጥኩም። ወንድ ልጅ እንዲህ አይሰናበትም፣ እናትም ልጇ ሲያለቅስ መስማት የለባትም አልኩ። እኔ ደግሞ አንደበቴ ርቱዕ ነው፤ የኪነት ቡድኑን መድረክ የምመራው እኔ ነበርኩ። እሱ ያቃተውን እኔ እላለሁ ብዬ ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለስኩ። "ይህን የሰይድ ምርጥ ሥራ መርጬ ያቀረብኩላችሁ እኔ፣ ዓለሙ..." ብዬ ጀምሬ፣ ስለ እናት ፍቅር፣ ስለ ስንብት፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ አንዴም ሳልደናቀፍ ተናገርኩ። ሳዳምጠው ኮራሁ።

ሰይድ ከሄደ ከአሥር ቀን በኋላ ቴፕና ካሴቱን ይዤ በጭነት መኪና ጀውሃ ወረድኩ። የማሽላ አጨዳ ነበር፤ መንገዱ ግራና ቀኝ የገለባ ሽታ ነው። እትዬ ዘሀራ ስታየኝ ለሾፌሮቹ "ዛሬ ሻይ የለም፣ ልጄ መጥቷል" ብላ ቤት አስገባችኝ። የግመል ወተት ቀዳችልኝ፣ እጇን ታጥባ ከቴፑ ፊት ተቀመጠች። ከፈትኩላት።

"ይኼ ማነው?"

"እኔ ነኝ እትዬ።"

"ድምፅህ ያምራል፣ ማሻአላህ።" እስክጨርስ ጠበቀች። ዘፈኑ ሲጀምር እጇን አነሳች። "ዘፈኑንስ ተወው ዓለሙ። እኔ ዘፈን አልሰማም፣ ታውቃለህ። ንግግሩ የታለ?"

"የትኛው ንግግር?" አልኩ። ይቅር ይበለኝ።

"ሊሄድ ሲል እዚች ደፍ ላይ ቆሞ፣ 'እማዬ፣ ፊትሽ ያቃተኝን እዚያ ላይ ነግሬሻለሁ' ብሎኛል። ወላሂ ብሎኛል።"

ያን ርቱዕ አንደበቴን ትቼ የቴፑን ድምፅ ከፍ አደረግኩ። እሷ ከዘፈኖቹ መሀል ይመጣል ብላ መጠበቅ ጀመረች። ዘፈን የማትሰማ ሴት አሥራ ሁለቱንም ዘፈን አንገቷን ወደ ቴፑ ዘንበል አድርጋ ሰማች። የመጀመሪያው ገጽ ሲያልቅ "ገልብጠው" አለችኝ። ገለበጥኩት። ባትሪው እየደከመ የሰይድ ድምፅ እየወፈረ፣ እየዘገየ ሄደ። ቀጭ ብሎ ቆመ።

"ማሽኑ በልቶት ይሆናል እትዬ" አልኳት።

"ግድ የለም። ኢንሻአላህ ሲመጣ በአፉ ይነግረኛል" ብላ ወተቱን ጨምራ ቀዳችልኝ።

አልመጣም። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ከሰሜን የተመለሱ ልጆች እንደወደቀ ነገሩን። እኔም ለእትዬ ዘሀራ አንድ ቴፕ ሠርቼ ከዋናው ካሴት ጋር በነፃ ሰጠኋት፤ እውነቱን ግን አልነገርኳትም። በሄድኩ ቁጥር ወተት ትቀዳልኝ ነበር፣ እኔም እጠጣ ነበር።

ይህን ሁሉ ባለፈው ሳምንት ለፋጡማ ነገርኳት። ሻይዋ ቀዝቅዞ ነበር። የምትጮህብኝ መስሎኝ ነበር፣ እሷ ግን ካሴቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።

"እማ ታውቅ ነበር፣ ጋሽ ዓለሙ። 'ዓለሙ አፉን ሲከፍት ከሥሩ ሰይድ አለ፣ ስሙት' ትለን ነበር። እኛ እርጅና ነው ብለን እንስቅባት ነበር።"

ወዲያው ገባኝ። የቴፕ ማሽን ሁለት ራስ አለው። አንዱ የድሮውን ያጠፋል፣ ሌላው አዲሱን ይጽፋል። በሁለቱ መሀል የሁለት ጣት ስፋት ያህል ክፍተት አለ። መቅዳት ስትጀምር በዚያ ክፍተት ላይ የተገኘው የካሴቱ ክር ሳይጠፋ ነው በላዩ የሚጻፍበት። ይህን ከማንም በፊት አውቃለሁ፤ ስንቱን አስተምሬበታለሁ። የገዛ ካሴቴን ግን በዚያ ጆሮ ሰምቼው አላውቅም፤ ስሰማ የኖርኩት ራሴን ነበር።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። "ይህን" ከምትለው ቃሌ ሥር፣ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ያህል ርቆ፣ ሰይድ አለ።

በዕድሜዬ ብዙ ችያለሁ። ሳልማር ተማርኩ። የሞቱ ማሽኖችን አስነሳሁ። ሰባት ሰው ሙያ አስተምሬ ሁሉም ዛሬ ሱቅ አላቸው። የሰይድን አሥራ ሁለት ዘፈን ከቁልቁለቱ እስከ ከሚሴ አዳረስኩ፤ ዛሬም የሚያዜሙት አዛውንት ሾፌሮች አሉ። ኮምፒዩተር በስድሳ ዓመቴ ለብቻዬ ለመድኩ። በዚያ ኮምፒዩተር ላይ አራት ቀን ተቀምጬ የራሴን ድምፅ ጥቂት በጥቂት አወረድኩት፤ ድምፄን ዝቅ ሳደርግ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ከሦስት ደቂቃው ንግግር አንዲት ቃል፣ ከአንድ ሰከንድ የምታንስ፣ ለእናቱ አወጣሁለት፦ "እማዬ።"

ፍላሹን ለፋጡማ ሰጠኋት። ሌላ ምንም የለበትም።