ሻለቃ ጭልፋና ልጁ

ደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ገሳይ ማሩ የሚባል የቀድሞ ወታደር ብትጠይቁ ሰው ትንሽ ያመነታል። «ሻለቃ ጭልፋ» ካላችሁ ግን ልጅ አዋቂው ቤቱን ያሳያችኋል። ማሩ ሻለቃ ሆኖ አያውቅም። ተራ ወታደር ሆኖ ዘመተ፤ ተራ ወታደር ሆኖ ተመልሶ ድንችና ገብሱን ያመርታል። በዘመቻው የአንድ ሻለቃ ጦር ምግብ አብሳይ ነበር። ስሙን ያወጣለት በዚያው ዘመቻ ታንከኛ የነበረው ጎረቤቱ ጌጡ ነው።

ሰው ለምን ወታደር ይሆናል የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ግን ይበልጥ የሚጣፍጥ ነው፤ ከገባ በኋላስ ለምን ያንን ክፍል መረጠ? መልሱ ብዙ ጊዜ ከምንገምተው ይርቃል። አንዱ መድፈኛ የሚሆነው የሚገድለውን ሰው ፊት ላለማየት ነው። ሌላው ሲሰናበት እጁ ላይ ሙያ እንዲቀርለት ሹፌር ይሆናል። ጌጡ ታንክ የመረጠው፣ ራሱ ሞቅ ሲለው እንደሚያወራው፣ የጉናን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ አድጎ መራመድ ስለሰለቸው ነው። የማሩን ምክንያት ግን የጠየቀው የለም። ፈርቶ ነው፣ አለዚያም ሆዱን ወዶ ነው ብሎ ሁሉም በየቤቱ ፈርዶ ጨርሷል። ሳይጠይቁ መፍረድ ደግሞ ያናድዳል።

ነገሩ የፈነዳው በ2011 ዓ.ም. ጥር፣ በዘመድ ሠርግ ላይ ነው። የማሩ ልጅ ስርጉት መሠረታዊ የውትድርና ሥልጠናዋን ጨርሳ ለአጭር ፈቃድ መጥታለች። ሰኞ ስትመለስ የትኛውን ክፍል እንደምትፈልግ ትጠየቃለች። የተጠየቀ ሁሉ የፈለገውን አያገኝም፤ ቢሆንም ይጠየቃል።

ድንኳኑ ውስጥ ፉከራው ደርቷል። ፎክሮ የጨረሰ ሰው ዱላውን ለቀጣዩ ይሰጣል። ጌጡ ፎከረ፣ ዘለለ፣ ላቡን ጠረገ። ከዚያ ዱላውን ጥሎ ወደ ጓዳ ገባና ትልቅ ጭልፋ ይዞ ወጣ። ጭልፋውን በሁለት እጁ፣ ጎንበስ ብሎ ለማሩ አቀረበለት።

«ሻለቃ! በመሣሪያህ ፎክር!»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ማሩ ጭልፋውን አልተቀበለም። ጌጡ ወደ ስርጉት ዞረ።

«አንችንም እዚያው ነው የሚከቱሽ የኔ ልጅ። ጭልፋ በዘር ይወረሳል!»

ስርጉት ከሴቶቹ መሐል ተነሣች። «እኔ አየር ወለድ ነኝ!» አለች።

ሰዉ አጨበጨበ፤ እልል ተባለ። ማሩ ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ።

በማግሥቱ ጠዋት ለዘር የሚሆን ድንች ሲለይ ልጁ መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች። ቀና ብሎም አላያት።

«ትናንት ያልሽው ምንድን ነው?»

«የሰሙት ነው አባ። ሰኞ ሲጠይቁኝ አየር ወለድ ነው የምለው።»

«ለምን?»

«ለምን ማለት?»

«ለምን ማለት፣ ለምን ማለት ነው!»

«እርስዎን እንደከተቱዎ እንዳይከቱኝ ነው!» አለች፤ እሷም ድምጿ ከፍ አለ። «ዕድሜዎን ሙሉ ሲስቁብዎ ዝም አሉ። እኔ ዝም አልልም። አፋቸውን እዘጋዋለሁ።»

ማሩ በእጁ የያዘውን ድንች ከግድግዳው ጋር አላተመው።

«ማን ከተተኝ? ማንም አልከተተኝ! እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ!»

ታሪኩን ቀስ ብለን እንየው፤ መቼም ይህን የመሰለ ምክንያት በቀላሉ አይገኝም። ማሩ ሥልጠና ላይ ሳለ ሁዳዴ ገባ። ለጾመኛው የምስር ወጥ ይሠራል፤ ለማይጾመው ሥጋ። አንድ ረቡዕ አብሳዩ ከሥጋው ድስት ያወጣውን ጭልፋ ሳያጥብ ምስሩ ውስጥ ሲነክር ማሩ ዓይኑ እያየ ነበር። ሳህኑን ከነምግቡ ደፋው። በቅጣት ጠጠር ላይ በደረቱ ተሳበ። በኋላ አሠልጣኙ «ወጥ መሥራት የሚችል አለ?» ሲል ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ። በዚያ ዘመን ለእኛ አገር ወንድ ስድብ የሚመስል ጥያቄ ነው። ማሩ ብቻውን እጁን አወጣ፤ ወጥ መሥራት ግን አይችልም ነበር! ተቀጥቶም፣ ተሰድቦም፣ አቃጥሎም ለመደው። የጾሙን ጭልፋ ለይቶ ክር አሰረበት። ሙስሊሞቹም ሥጋቸውን ራሳቸው ያርዱ ነበርና ድስታቸውንና ጭልፋቸውን ለብቻ አደረገላቸው። ጦር ሜዳ ላይ ደግሞ ወጥ ቤት መጠለያ አይደለም፤ ጭሱ ከሩቅ ይታያል፣ መድፍም ይጠራል። አብሮት ሽንኩርት ይልጥ የነበረ ጓደኛውን የቀበረው እዚያው ምድጃው አጠገብ ነው።

«ትክክል ልሁን አልሁን አላውቅም» አላት ይህን ሁሉ ነግሯት ሲጨርስ። «የንስሐ አባቴ እንኳ፣ ‘ለዘመተ ሰው ጾም መግደፍ ይፈቀዳል፣ ማን አክርር አለህ’ ብለው ተቆጥተውኛል። ምክንያቱ ግን የራሴ ነው። ያንችው የማን ነው? የጌጡ! የጌጡን አፍ ለመዝጋት ከሰማይ ልትወረወሪ? ሂጅና ራሱን ጌጡን ዝለል በይው!»

የስርጉት ፊት ቀላ።

«ለምን አልነገሩኝም? ትምህርት ቤት የጭልፋ ልጅ ሲሉኝ ከስንቱ ጋር ተደባድቤአለሁ! መልስ ነበረኝኮ! መልሱን ይዘው ተቀመጡ!»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ልጅ ነበርሁ አባ! ልጅ ይጠይቃል?»

ማሩ ድንቹን ማገላበጥ ቀጠለ፤ ደህናውን ከበሰበሰው ጋር እየደባለቀ።

«እሺ» አለ በመጨረሻ። «ጌጡ የሚባል ሰው አልተፈጠረም እንበል። ማንም አልሳቀም። ምን ትመርጫለሽ?»

አሰበች። ማሩም ጠበቀ። ሕክምና ብትል፣ መገናኛ ብትል፣ ምንም ብትል ለመመረቅ ተዘጋጅቶ ነበር።

«አየር ወለድ።»

«እኮ!»

«ይስሙኝ እንጂ! ሥልጠናው ላይ አንድ ቀን ሲዘሉ አየን። ከአውሮፕላኑ ሲወጡ ሠልጣኙ ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። እኔ ሳቅሁ። መቆጣጠር እስኪያቅተኝ ሳቅሁ፣ አለቃችን እስኪገስጸኝ። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። መዝለል እፈልጋለሁ፤ ይኸው ነው።»

«ይኼማ ምክንያት አይደለም!»

«የራሴ ነው። የራስሽ ይሁን አላሉም?»

ማሩ ተነሥቶ ወጣ። በድንች ማሳው መሐል እየረገጠ ጌጡ ደጅ ደረሰ። ጌጡ የበሬ ገመድ ይገምድ ነበር።

«ልጄ አየር ወለድ ትሆናለች» አለው ሰላም እንኳ ሳይለው። «ባንተ አፍ የሄደች እንዳይመስልህ። ጭልፋውን የመረጥሁት እኔ ነኝ፤ ሰማዩን የመረጠችው እሷ ናት። አንተ የለህበትም!»

«ኧረ ጎሽ! ታዲያ እኔ ከሌለሁበት እኔ ላይ ምን ያስጮህሃል?»

«እሷ ናት ያናደደችኝ!»

ሰኞ ደብረ ታቦር መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክሞ ሸኛት። ጉልበቱን ስማ ስትነሣ መረቃት፤ ሲመርቅም ቁጣው አልወጣለትም። አውቶቡሱ ሞተሩን ሲያስነሣ በመስኮቱ በኩል ተጠጋና ጮኸባት።

«ስትዘይ እንዳትስቂ! ምላስሽን ትነክሻለሽ!»