የሉባባ ፍየሎች

ስሙኝማ! ይቺን ሳልነግራችሁ ዛሬ ሥራ አልገባም።

ንጋት፣ 11 ሰዓት፤ አሐድ አል-መሳርሐ፣ ሳዑዲ፣ የየመን ድንበር አጠገብ

የመናዊው ሾፌር ሷሊህ ለድንበር ፍየሎች ድርቆሽ ጭኗል። እኔ ድርቆሹ ውስጥ ነኝ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለኝም፤ ወረቀት የሌለው ሰው እንዲህ ነው የሚሄደው።

«ያላ፣ ግባ! ካስነጠስክ ሁለታችንም ታሰርን።»

«አንተ ዱዓ አድርግ፣ አፍንጫዬን ለኔ ተወው።»

አክስቴን ሉባባን ፍለጋ ነው የምሄደው፤ የእናቴ ታናሽ ናት። እዚሁ ሳዑዲ ስትሠራ የየመን ጦርነት ሲጀመር ድምጿ ጠፋ። ሞተች አይባል፣ አለች አይባል፤ እናቴ እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ሰሞኑን አንድ የእርሻ ጓደኛዬ «ድንበሩ ላይ፣ ጡዋል በኩል፣ ሉባባ የምትባል የወሎ ሴት ፍየል ትጠብቅ ነበር» አለኝ። ወሎ ውስጥ ስንት ሉባባ አለች! ቢሆንም ተነሳሁ።

ረፋድ፣ 3 ሰዓት፤ ከጡዋል ወዲህ

አሸዋ፣ የጭነት መኪና ሰልፍ፣ ወታደር። ፍተሻው ላይ ትንፋሼን ዋጥኩ፣ አለፍን። ከዚያ ሰው የወጣበት መንደር፤ በሩ የተነቀለ ቤት፣ የተበሳ የውሃ ታንከር። ዳር ላይ አንድ እረኛ አሉ፣ አያ እንድሪስ የሚባሉ የወሎ፣ የሐርቡ ሰው። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ወደ መንጋው ጮኹ።

«ዘሃራ! አንቺ ሌባ፣ ነይ ከዚያ!»

ክው አልኩ። ዘሃራ እናቴ ናት።

«ማነው ስም ያወጣላት?»

«ሉባባ ናት። እናትየዋ ፍየል ስትሞት ስሟን ለግልገሏ እሰጣለሁ፣ እንዳይጠፋ። ያቺ ጦይባ ናት፣ ያ ቀንዳሙ ከድሩ።»

ዘሃራ፣ ጦይባ፣ ከድሩ። የአያቴ ልጆች በሙሉ! ሳቄ መጣ፤ እናቴን ፍየል አድርጋታለች።

«የት ናት?»

መጀመሪያ ውሃ ሰጡኝ። «መድፉ ሲጠጋ ከፊሏ፣ ያው አሠሪዋ፣ ቤተሰቡን ጭኖ ወጣ። እሷን "ፍየሎቹን ጠብቂ፣ ነገ እመለሳለሁ" አላት። በሦስተኛው ቀን የመድፍ ጥይት በረቱ ላይ ወደቀ። እኔ ነኝ የቀበርኳት።»

«አሠሪዋስ?»

«መጣ። "ስንት ፍየል ሞተ?" አለኝ። ነገርኩት። ኸላስ፣ በቃ ብሎ ሄደ።»

«አያ፣ ለኛ ለምን አልነገሩንም?»

«ለማን ልንገር ልጄ? አገሯን እንጂ ቤቷን አላውቅ።»

ቀትር

ግራሩ ሥር ሁለት ድንጋይ። ስም የለበትም። ቁጭ አልኩ። ዘሃራ፣ ፍየሏ፣ መጥታ ፀጉሬ ላይ የቀረውን ድርቆሽ ለቀመች።

ለእናቴ መርዶ በስልክ አይነገራትም። ለአጎቴ ለከድሩ ደወልኩ፤ ነገ በማለዳ ሽማግሌ ይዞ እናቴ ደጅ ይቆማል።

እናንተ ያን ቀን መኪና አስነስታችሁ የወጣችሁ! ፍየሎቹን እንድትጠብቅ እሷን አስቀራችሁ። እሷን እንዲጠብቅስ ማንን አስቀራችሁ?